ነጩ መስመር፦ ፍሬንች በነጭ ጄል ከሀ እስከ ፐ

ፍሬንች የሚባለው የጥፍር አቀባብ ለዓይን ቀላል ነው። ከሥር ፈዘዝ ያለ ሮዝ፣ ጫፉ ላይ ነጭ፣ በቃ። አበባ የለ፣ ብልጭልጭ የለ፣ ድንጋይ የለ። ፈተናውም ያለው እዚሁ ላይ ነው። በሌላ ዲዛይን ትንሽ ግድፈት በጌጡ መሃል ተደብቃ ታልፋለች። እዚህ ግን መደበቂያ የለም። መስመሩ በአንድ ጣት ላይ ከተንጋደደ የአሥሩንም መልክ ያበላሻል።

ይህን ስታይል በማስተዋወቅ ስሙ የሚነሳው የጥፍር ቀለም የሚያመርተው የኦርሊ ኩባንያ መሥራች ጄፍ ፒንክ ነው። ነገሩ የተጀመረው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1970ዎቹ፣ በሆሊውድ ነው። ተዋናዮቹ ልብስ በቀየሩ ቁጥር ጥፍራቸው እንደገና እየተቀባ ጊዜ ይባክን ነበር። ከሁሉም ልብስ ጋር የሚሄድ አንድ ነገር ተፈለገ። ያኔ የሚሠራው በተራ የጥፍር ቀለም ነው። ዛሬ በጄል ሲሠራ ሁለት፣ አንዳንዴም ሦስት ሳምንት ይቆያል። ነጭ ጄል ግን የራሱ ጠባይ አለው፤ መጀመሪያ እሱን እንወቅ።

ነጭ ለምን ያስቸግራል?

ጄል እንደ ተራ ቀለም አይደርቅም። አየር ላይ ቢውል ቢያድር ያው ርጥብ ነው። የሚጠነክረው ላምፕ ውስጥ፣ ማለትም ጨረር በሚሰጠው የጥፍር መብራት ውስጥ ሲገባ ነው። በውስጡ ፎቶኢኒሼተር የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሉ፤ እነሱ የላምፑን ጨረር ሲያገኙ ጄሉ እርስ በርሱ ይያያዛል። ስለዚህ ጨረሩ እስከ ታች መድረስ አለበት።

ነጩን ነጭ የሚያደርገው ደግሞ ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ የሚባል ዱቄት ነው። ብዙ የፀሐይ መከላከያ ክሬሞች ውስጥም የሚገባው ይኸው ነው፤ እዚያ ሥራው ጨረር ማገድ ነው። እንግዲህ አስቡት። በጨረር የሚጠነክር ነገር፣ ውስጡ ጨረር የሚያግድ ዱቄት ሞልቶበታል። ወፍራም አድርጋችሁ ከቀባችሁት ላዩ ይጠነክራል፣ ታቹ ርጥብ ይቀራል። ላምፕ ውስጥ እያለ ይሸበሸባል። ባይሸበሸብም በጥቂት ቀናት ውስጥ ከጫፉ ተልጦ ይወጣል።

የነጭ ሕግ እንግዲህ አጭር ነው፤ ስስ፣ ሁለት ጊዜ። የመጀመሪያው ዙር ሥሩ እያሳየ፣ ዥንጉርጉር ሆኖ ቢታይ አትደንግጡ። መሆን ያለበት እንደዚያ ነው።

የትኛው ነጭ?

ነጭ ጄል ስትሉ ሦስት ዓይነት ይመጣላችኋል። አንደኛው በጠርሙስ የሚሸጠው ጄል ፖሊሽ ነው። ቀጭን ነው፣ ይፈስሳል፣ መስመር ከሠራችሁ በኋላ ቶሎ ላምፕ ካላየ ይሰፋል። ሁለተኛው በትንሽ ክዳን ባለው ዕቃ የሚመጣው ፔይንት ጄል ነው። ቀለሙ ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ ካስቀመጣችሁበት ንቅንቅ አይልም። ሦስተኛው ነጭ ቢልደር ጄል ነው፤ እሱ ጥፍር ለማስረዘም ስለሆነ ፎርም (ከጥፍሩ ጫፍ ሥር የሚደረግ መቅረጫ) መያዝና በሞረድ መቅረጽ ይጠይቃል።

ለጀማሪ ያለ ማመንታት ፔይንት ጄል እላለሁ። ጠርሙሱ ውስጥ ባለው ሰፊ ብሩሽ ፍሬንች መሥራት ይቻላል የሚሉ አሉ። ይቻላል፤ እጃቸው ለለመደ።

ከዚህ ሌላ የሚያስፈልገው ይህ ነው፦ ቤዝ ኮት (ከሥር መጀመሪያ የሚቀባው)፣ ፈዘዝ ያለ ሮዝ ወይም የቆዳ ቀለም ጄል፣ ቶፕ ኮት (ከላይ መጨረሻ የሚቀባው)፣ ላምፕ፣ ባለ 180 ሞረድ፣ ባለ 240 በፈር ማለትም ለስላሳ ሞረድ (ቁጥሩ ከፍ ሲል ሞረዱ ይለሰልሳል)፣ የኩቲክል ማለትም የጥፍር ሥር ቆዳ መግፊያ፣ አልኮል፣ ክር የማይለቅ መጥረጊያ። ተራ ጥጥ አትጠቀሙ፤ ክሩ ነጩ ላይ ይጣበቅና ፀጉር የገባበት ያስመስለዋል።

ብሩሽ ሁለት ያስፈልጋል። አንዱ ቀጭን ላይነር ነው፣ ፀጉሩ 9 ሚሊ ሜትር አካባቢ ቢሆን ጥሩ ነው። በጣም አጭር ከሆነ እጅ ሲንቀጠቀጥ መስመሩም ይንቀጠቀጣል፤ ረዘም ያለው ግን ንቅናቄውን ያለዝበዋል። ሁለተኛው ጠፍጣፋ፣ ጫፉ ሰያፍ የተቆረጠ ትንሽ ብሩሽ ነው። ይህኛው ቀለም አይነካም። ሥራው ማጽዳት ብቻ ነው፤ ዝቅ ብላችሁ እንደምታዩት ቆንጆ መስመር የሚወጣውም በእሱ ነው።

ላምፕን በተመለከተ፣ ከተቻለ ጄሉን ያመረተው ኩባንያ የሚመክረውን ተጠቀሙ። የጥፍር ላምፖች ብዙውን ጊዜ በ365 እና በ405 ናኖሜትር አካባቢ ያለ ጨረር ይሰጣሉ። አንድ ጄል የሚፈልገውን ላምፑ ካልሰጠው ጄሉ ሲነካ ጠንካራ ይመስላል፤ ውስጡ ግን ጥሬ ነው።

ጥፍሩን ማዘጋጀት

እዚህ ላይ መቸኮል ኋላ ያስከፍላል። ጄሉ ከተነሳ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የጄሉ ሳይሆን የዝግጅቱ ነው።

አሮጌ ቀለም ካለ አንሱ። እጅ ታጥቦ በደንብ ይድረቅ። ጥፍር ውሃ ይመጥጣል፣ ያብጣል፤ ከረጅም መታጠብ በኋላ ወዲያው የተቀባ ጄል ጥፍሩ ሲደርቅና ሲሰበሰብ ይላቀቃል።

ኩቲክሉን ቀስ ብላችሁ ግፉ። ጥፍሩ ላይ ተለጥፎ የሚቀር ስስ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ቆዳ አለ። እሱን በጥንቃቄ ፋቁት፤ በዓይን ስለማይታይ ይረሳል እንጂ ጄል ከሥር የሚያስነሳው ዋናው እሱ ነው። ሕያው የሆነውን ቆዳ ግን አትቁረጡ።

ቀጥሎ ቅርጽ ነው። በ180 ሞረድ ሁሉንም በአንድ ዓይነት ቅርጽ አስተካክሉ። ፍሬንች ላይ የጫፉ ቅርጽና የነጩ መስመር አብረው ነው የሚታዩት፤ ጫፉ ጠማማ ከሆነ ቀጥ ያለ መስመር አያድነውም። ከዚያ በ240 በፈር አንጸባራቂነቱን ብቻ አጥፉ። መፋቅ አይደለም፤ ማደብዘዝ ነው። አቧራውን ጥረጉ፣ በአልኮል አጽዱ፣ ዲሃይድሬተር (እርጥበት ማድረቂያ) ወይም ፕራይመር (ጄሉን ማጣበቂያ) ካላችሁ ስስ አድርጋችሁ ቀቡ። ከዚህ በኋላ ጥፍሩን በጣት መንካት የለም።

ሥሩ፦ ቤዝና ሮዙ

ቤዝ ኮት በጣም ስስ ይቀባል፤ ከኩቲክሉ ጥቂት ራቅ ብሎ። ኤልኢዲ ላምፕ ብዙውን ጊዜ ከ30 እስከ 60 ሴኮንድ፣ የቆየው ዩቪ ላምፕ ደግሞ ወደ 2 ደቂቃ ይፈልጋል። ትክክለኛው ጊዜ ጠርሙሱ ላይ ስላለ እሱን አንብቡ። አውራ ጣቶችን ለብቻቸው አስገቡ። ከአራቱ ጋር ሲገቡ ስለሚያጋድሉ ጨረሩ በአንድ በኩል ብቻ ያገኛቸዋል።

ከዚያ ሮዙ ይቀጥላል፤ አንድ ወይም ሁለት ስስ ዙር። እዚህ አንድ ውሳኔ አለ። የራሳችሁ ጥፍር ጫፉ ነጣ የሚልበት የተፈጥሮ መስመር አለው። ሮዙ በጣም ስስ ከሆነ ያ መስመር ከሥር ይታያል፤ የምትሠሩት ነጭ ደግሞ ከእሱ ጋር ላይገጥም ይችላል። ያን ጊዜ ሁለት መስመር የተሠራ ይመስላል። ወይ ሮዙን ሸፈን የሚያደርግ ምረጡ፣ ወይ ነጩን የተፈጥሮውን መስመር እስኪሸፍን አውርዱት። እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ። የተፈጥሮው መስመር በየጣቱ ይለያያል፤ እሱን መከተል አሥር የተለያየ ፍሬንች መሥራት ነው።

ሮዙ ከላምፕ ሲወጣ ላዩ ይጣበቃል። ይህ ጥፋት አይደለም። የአየሩ ኦክስጅን የላዩን ስስ ንጣፍ እንዳይጠነክር ስለሚያግደው ነው። ነጩን በዚህ ላይ ከቀባችሁ ይንሸራተታል፣ በአልኮል ስታጸዱትም ይጨማለቃል። ስለዚህ አልኮል በነካ መጥረጊያ ጥረጉት፣ በፈሩን አንዴ ለስለስ አድርጋችሁ አሳልፉበት፣ አቧራውን አንሱ። አሁን ገጹ ደብዛዛና ደረቅ ነው። መስመር የሚቆመው እንዲህ ዓይነቱ ላይ ነው።

መስመሩ

አንድ ጥፍር ብቻ ይዘን እንሂድ። የቀለበት ጣት ይሁን፤ ለመለማመድ ይመቻል።

ክንዳችሁን ጠረጴዛ ላይ አሳርፉ። ብሩሽ የያዘው እጅ ትንሿ ጣት የሚሠራውን እጅ ትደገፍ። አየር ላይ የተንጠለጠለ እጅ ቀጥ ያለ መስመር አይሠራም። ነጩን ከዕቃው በቀጥታ ሳይሆን መስተዋት ወይም ፎይል ላይ ጥቂት አውጥታችሁ ተጠቀሙ፣ ዕቃውንም ከላምፑ አርቁና ክደኑ። ብርሃን ያየ ጄል ዕቃው ውስጥ እንዳለ ይጠነክርባችኋል።

መጀመሪያ ሦስት ነጥብ። አንዷን ጥፍሩ መሃል ላይ፣ መስመሩ ለጫፉ ከሁሉ በሚቀርብበት አስቀምጡ። ሁለቱን በግራና በቀኝ ጠርዝ፣ ነጩ በሚጀምርበት። የጠርዞቹ ነጥቦች ቁመት እኩል መሆን አለበት። መስመሩን ከመሳላችሁ በፊት ጣቱን ወደ ራሳችሁ አዙራችሁ ጥፍሩን ፊት ለፊት እዩት። በአንድ በኩል ከፍ ካለ አሁኑኑ አጥፉት፤ አሁን አንድ ነጥብ ነው፣ ቆይቶ ሙሉ መስመር ይሆናል።

ስንት ይሁን ነጩ? ረጅም ጥፍር ላይ ከጠቅላላው ርዝመት ሲሶ ባያልፍ ያምራል። አጭር ጥፍር ላይ 1 ወይም 2 ሚሊ ሜትር ይበቃል፤ ያ በአሁኑ ጊዜ ማይክሮ ፍሬንች የሚባለው ነው። ግማሽ ድረስ የወረደ ነጭ አጭር ጥፍርን ይባስ ያሳጥረዋል። ባለሙያዎቹ ስማይል ላይን የሚሉት የመስመሩ ጉብጠትም ልዩነት ያመጣል። ጠርዝ ጠርዙ ላይ ወደ ኩቲክሉ ገባ ብሎ መሃሉ ወደ ጫፉ የቀረበ መስመር ጥፍሩን ቀጠን፣ ረዘም ያደርገዋል። ቀጥ ያለ መስመር ያሰፋዋል። ጥፍራችሁ ሰፊ ከሆነ ጎበጥ አድርጉት።

አሁን ላይነሩን ጄል አስነኩትና ጫፉን ሹል አድርጉ። ከግራው ጠርዝ ነጥብ ተነስታችሁ ወደ መሃሉ ሳቡ። ብሩሹን በጫፉ ሳይሆን በጎኑ ጋደም አድርጋችሁ ስትስቡት መስመሩ የተስተካከለ ይሆናል። ከዚያ ከቀኙ ጠርዝ ወደ መሃል። ሁለቱ መሃል ላይ ይገናኛሉ። ሙሉውን ቅስት በአንድ ትንፋሽ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ለመሳል አትሞክሩ። የራሳችሁን እጅ የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ ብሩሹን ዝም አስብላችሁ ጣቱን አዙሩ። በተለይ ባልለመደው እጅ ስትሠሩ ይህ ብዙ ያቀላል፤ ብሩሹ ባለበት ይቆማል፣ ጥፍሩ ከሥሩ ይዞራል።

መስመሩ ካለቀ በኋላ ከመስመሩ እስከ ጫፉ ያለውን በስሱ ሙሉት።

አሁን ሰያፉ ብሩሽ ይምጣ። አልኮል አስነኩትና መጥረጊያ ላይ ጫን አድርጋችሁ አድርቁት። ርጥበት ብቻ ይቅርበት፤ ከተንጠባጠበ ነጩን ያቀልጠዋል። ብሩሹን ከመስመሩ ሥር፣ ሮዙ ላይ አቁማችሁ ከጠርዝ ወደ መሃል ሳቡት። የወጣውን ነጭ ይዞ ይሄዳል፣ ኋላው ጥርት ያለ ጠርዝ ይቀራል። መጥረጊያ ላይ ጥረጉት፣ ከሌላው ጠርዝ ድገሙ። በሳባችሁ ቁጥር ብሩሹን መጥረግ ግዴታ ነው፤ አለዚያ ያነሳችሁትን ነጭ መልሳችሁ ትቀቡታላችሁ። መስመር በመሳል ይሠራል ብለው ብዙዎች እጃቸውን ይወቅሳሉ። አብዛኛው ጥራት የሚመጣው ግን ከዚህ ማጽዳት ነው። ላምፕ እስካላየ ድረስ ነጩ ታዛዥ ነው፤ ሦስቴም አራቴም ማረም ትችላላችሁ።

ቆዳ የነካ ነጭ ካለ አሁን አጽዱ። ከዚያ ያን ጥፍር ብቻ ለ5 ወይም ለ10 ሴኮንድ ላምፕ አሳዩት። ይህ ማጠንከሪያ ሳይሆን ማስቆሚያ ነው፤ ሌሎቹን እስክትሠሩ ነጩ እንዳይሰፋ። አምስቱም ሲያልቁ ሙሉውን ጊዜ አስገቡ።

ሁለተኛው ዙር ላይ ወደ መስመሩ ሳትደርሱ፣ በፀጉር ስፋት ያህል ራቁ። ሁለቱም ዙር ጠርዙ ላይ ከተገናኙ እርከን ይፈጠራል፤ በጣት ስትዳስሱት የሚታወቅ እርከን። በመጨረሻም ብሩሹን በጥፍሩ ጫፍ ውፍረት ላይ አሳልፉና ነጩ ጫፉን እንዲጠቀልል አድርጉ። ይህች ትንሽ ነገር ፍሬንቹ ከጫፉ እንዳይበላ ታደርጋለች። ሙሉ ጊዜውን ላምፕ ይይ።

መስመር አልሆን ካለ

እጅ እስኪለምድ ሌሎች መንገዶች አሉ። ተገላቢጦሹ ለኔ ምርጡ ነው። መጀመሪያ ነጩን ጫፉ ላይ፣ ከሚፈለገው ትንሽ ዝቅ አድርጋችሁ ሳትጨነቁ ቀቡ፣ ላምፕ ይይ። ከዚያ ሸፈን የሚያደርገውን ሮዝ ከኩቲክሉ ጀምራችሁ ወደ ነጩ እያመጣችሁ መስመሩን በሮዙ ቅረጹት። ሮዝ እንደ ነጭ አያስቸግርም፣ ስህተቱም ያን ያህል አይጮህም።

ስቲከርም አለ። ተለጥፎ፣ ነጩ ተቀብቶ፣ ነጩ ገና ርጥብ እያለ ይነሳል። ከጠነከረ በኋላ ካነሳችሁት ጠርዙ ይሰነጣጠቃል። ቅስቱ ለሁሉም ጥፍር ስለማይገጥም ብዙም አልወደውም። ለስላሳው የሲሊኮን ማህተም ደግሞ ነጭ ተቀብቶበት የጥፍሩ ጫፍ ውስጡ ሲጫን መስመሩን በአንድ ጊዜ ይሰጣል፤ ፈጣን ነው፣ ጫፉ ሥር የሚገባውን ነጭ ግን ማጽዳት አትርሱ።

ቶፕ ኮት

ነጩና ሮዙ በሚገናኙበት እርከን ካለ ቶፕ ኮቱ ብቻውን አይደብቀውም። መጀመሪያ ስስ ቢልደር ወይም ወፈር ያለ ቤዝ በጠቅላላው ላይ አፍስሱና ራሱን እስኪያስተካክል ጥቂት ሴኮንድ ጠብቁ። ላምፕ ውስጥ ጣት ካቃጠለ አውጡና ትንሽ ቆይታችሁ መልሱ፤ ጄል ሲጠነክር ሙቀት ያወጣል፣ ወፈር ያለው ደግሞ የበለጠ። ከዚያ ቶፕ ኮት፣ ጫፉን ጠቅልሎ። የሚጠረግ ዓይነት ከሆነ ከላምፕ ሲወጣ በአልኮል ይጠረግ። አንድ ጥንቃቄ አለ፤ ነጭ የነካ ብሩሽ ወደ ቶፕ ኮት ጠርሙስ መመለስ የለበትም።

ከቀናት በኋላ ነጩ ወደ ቢጫ ካደላ መጀመሪያ የምጠረጥረው ቶፕ ኮቱን ነው። አንዳንዱ ራሱ ይቢጫል፤ ለነጭ ተብሎ የተሠራ አለ። የፀጉር ቀለም፣ እርድ፣ የሲጋራ ጭስና አንዳንድ የፀሐይ ክሬም ደግሞ ላዩን ያቀልማሉ። እነዚህን በአልኮል ሞክሩት፤ ካልለቀቀ ላዩን ጥቂት ፈግፍጎ አዲስ ቶፕ ኮት መቀባት ይበቃል።

ቆዳን በተመለከተ

ይህን ቸል የሚሉ ብዙ ናቸው። ያልጠነከረ ጄል ቆዳ ሲነካ አለርጂ ሊያስነሳ ይችላል። በተለይ ሄማ የሚባለው ንጥረ ነገር በዚህ ይታወቃል። አለርጂው አንዴ ከመጣ አብሮ ይኖራል፤ አንዳንድ የጥርስ ሕክምና ዕቃዎችም ተመሳሳይ ንጥረ ነገር ስላላቸው ጣጣው ከጥፍር ያልፋል። የጣት ጫፍ ካሳከከ፣ ከቀላ ወይም ከተላጠ ሥራውን አቁሙና የቆዳ ሐኪም አማክሩ። የአውሮፓ ኅብረት ቲፒኦ የሚባለውን ፎቶኢኒሼተር እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2025 ጀምሮ በመዋቢያ ምርቶች ውስጥ ከልክሏል፤ ጄል ስትገዙ የይዘት ዝርዝሩን ማየት ልመዱ። ስለ ላምፑ ጨረር የሚያሳስባችሁ ካለ ከኤስፒኤፍ 30 ያላነሰ የፀሐይ መከላከያ ክሬም እጅ ላይ ይቀባ ወይም ጣቱ የተቆረጠ ጓንት ይደረግ። ክሬሙ ታዲያ ከዝግጅቱ በፊት ነው፣ ጥፍሩ ላይም እንዳይቀር።

ማንሳት

ሲያረጅ በጥርስ ወይም በጥፍር አትላጡት፤ የራሳችሁ ጥፍር አብሮ ይነሳል። ቶፕ ኮቱን በሞረድ ፈግፍጉ። አሴቶን የነካ ጥጥ ጥፍሩ ላይ አድርጋችሁ በፎይል ጠቅልሉና ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ቆዩ። ነጩ ከሮዙ ዘግይቶ ሊለቅ ይችላል። በእንጨት ዘንግ ቀስ ብላችሁ ስትገፉት እምቢ ካለ መልሳችሁ ጠቅልሉት። በአሴቶን የማይሟሟ ጠንካራ ቢልደር ከሆነ ግን መጠቅለሉ ዋጋ የለውም፤ የሚነሳው በሞረድ ነው። እሱንም እስከ ጥፍሩ አትውረዱ፤ ስስ ንጣፍ አስቀርታችሁ ከጥፍሩ ጋር አድጎ እንዲወጣ ተዉት። በአሴቶን ካነሳችሁ እጃችሁን ታጠቡና ኩቲክሉ ላይ ዘይት እሹበት።